ልክ

ወረቀቱ መጣ ሰኞ በማለዳ፣
ከፍ ብሎ ተለጠፈ ከኖራው ግድግዳ፣
ረጅም ሰው ብቻ እንዲያነበው ይመስል፤
ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ፊደሉ የሚያክል
የሰሊጥ ፍሬ።
የመኪና ግርግር ፔዳል ሁሉ ቆመ፣
ጎዳናው ዝም አለ፤ ጆሯችን ታመመ።

"ቅደደው" አለ አንዱ። "ተወው" አለ ሌላው፣
"እንዳምናው ወረቀት ዝናብ ነው የሚያጥበው።"
ሱሪ ሰፊው ረምዚ ኪሱን እየዳበሰ
"ስንት ይበቃቸዋል?" ብሎ ተነፈሰ።
እኔ መነጽሬን በሸሚዜ ጠርጌ፣
የደንበኛን በርጩማ መሰላል አድርጌ
አነበብኩት፦ "ማሽን ሁሉ ዳር ይያዝ፤
ለእግረኛ ሁለት ሜትር ይተው።" ይኸው ትእዛዝ።

ማክሰኞ ደረሰ መጣ ከነመለዮው፣
ሁለት ደንብ አስከባሪ ግራ ቀኙን ይዘው።
የፈትሂያን ሲንጀር ከነክሩ ጫኑት፣
ግማሽ የሰፋችውን የሙሽራ ቀሚስ እንኳ ሳይተዉት።
ደረሰ መጣ እንጂ
ደረሰኝ አልመጣም።

ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት ቁጥር አራት።
ረቡዕ፦ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።"
ሐሙስ፦ "አሁን ወጡ።"
ዓርብ ከጁምዓ በፊት፣ ልንመለስ ስንል፣
ከመዝገብ ቤት በኩል ጫልቱ የምትባል ልጅ፣
ጣቷ ቀለም የነካው፣ "ደንቡን አንብባችኋል?" አለች፣
"የግድግዳውን ወረቀት አላልኩም። ደንቡን።"
ከመሳቢያ ሥር አወጣችው። ዘጠኝ ገጽ ነው፤ አቧራው ዐሥረኛ።
ሰባተኛው ላይ፦ የተያዘ ንብረት
በሁለት ምስክር ፊት ይመዝገብ፤
ባለቤቱ ደረሰኝ ይውሰድ፤
ቅር ያለው በዐሥር ቀን በጽሑፍ ያመልክት።
ዐሥር ቀን!
ሦስቱን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለን በልተናቸዋል።

ያን ማታ ጻፍን። ስድብ ነበረበት፤
እንደ ትርፍ ጨርቅ ቆርጠን ጣልንበት።
ምሬትም ነበረ፤ ያንን አጠፍነው፣
"እናከብራለን፤ ግን አብረን እንለካ" የምትለውን ተውነው።
ሠላሳ አንድ ፊርማ፣ አራት የአውራ ጣት።
አው ሙክታር ግን እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ።
"አምና የዘይቱና ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስትወጣ፣
በማሽኖቻችሁ መሀል ስንት ጊዜ ቆመች?"
መርፌ ቢወድቅ ይሰማ ነበር፣
እኛ ዘንድ ደግሞ መርፌ አይጠፋም።
ከዚያ ፈረሙ።

በስብሰባው ዕለት ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ
ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።
"ደንቡ ልክ ነው" አልኩ፣ "ልኩን ግን ማን ለካው?
እኔ ሰውየውን ሳላቆም ጨርቁን አልቆርጥም።"

መጡ። ደረሰ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን።
ከግንብ እስከ ግንብ፣ የመንገዱ አንገት ላይ፦
አንድ ሜትር ከሰማንያ።
ያለ ማሽን፣ ያለ ሰው፣ ያለ ጥላ።
ኃላፊው ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳቃቸውን ዋጡት።
ወገቡ ላይ ሰፋ፤ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው።
በገዛ ጠመኔዬ መስመር ተሰመረ፦
ወገቡ ላይ በአንድ ወገን ይሠራ፤
አንገቱ ላይ ማንም አይቁም።

አንገቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከሰማያዊው በር ሥር።
ማሽኔን ተሸክሜ ከረምዚ ጎን ሄድኩ፣
ኪሱን እየዳበሰ ቦታ ለቀቀልኝ።

የፈትሂያ ሲንጀር ተመለሰ፣ ቀበቶው ጎድሎ፣
በደረሰኝ።
ሙሽራዋ ግን በሰው ቀሚስ ተድራ አልቋል።

አንዳንድ ጠዋት ማሽኔ መስመሩን በአንድ ጣት ታልፋለች፤
ደረሰ በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋታል፤ እስባታለሁ።
የመለዮው ሱሪ ረዝሞበት መሬት ይጠርጋል።
ትናንት "ቁም" አልኩት፣ "ልለካህ።"
ቆመ።
ልኩን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ዋጋውን ጻፍኩ፣
ከጨርቁ በፊት
ደረሰኝ ቆረጥኩለት።